ኪ ዌስት በሴፕቴምበር፦ የደራሲያኑን ደሴት ለሁለት ለማየት

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ግን አንዱ የደራሲ ቤት ማየት ይፈልጋል፣ ሌላው ሱቅ ለሱቅ መዞር። እኛ ቤት ጉዞ በታሰበ ቁጥር ይሄ ክርክር አይቀርም። ኪ ዌስት ላይ ግን ብዙም አልተከራከርንም። የደራሲው ቤትና ሱቁ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ኪ ዌስት በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት የደቡብ ጫፍ ላይ ያለች ደሴት ናት። ርዝመቷ 4 ማይል፣ ወርዷ 1 ማይል ገደማ ነው። ከኩባ የሚለያት 90 ማይል ባሕር ብቻ ነው። ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ቴነሲ ዊሊያምስ፣ ገጣሚዎቹ ኤሊዛቤት ቢሾፕና ዋላስ ስቲቨንስ በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ወይ ኖረዋል ወይ ከርመዋል። በፈረንጆች ክረምት፣ ከገና እስከ ኤፕሪል፣ ከሄዳችሁ የምታዩት ሰልፍ ነው። በሴፕቴምበር ከሄዳችሁ ደሴቷን ታያላችሁ። ሙቀትና አውሎ ነፋስም አለ፤ እሱን አልደብቅም።

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ዋናው የቱሪስት ወቅት ከፈረንጆች ገና እስከ ኤፕሪል ነው። በጃንዋሪ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤም አለ፤ ደስ ይላል፣ ግን ሆቴሉ አይቀመስም። ከተማዋ ጭር የምትለው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። የአትላንቲክ የሃሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። በእኛ አቆጣጠር የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። እኛ አደይ አበባ ስንጠብቅ እነሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ሁለት ሰሞን ዝለሉ። አንደኛው የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ያለበት ረጅም ቅዳሜና እሁድ ነው። የሠራተኞች በዓል ስለሆነ ግማሽ ማያሚ ወደዚያ ይወርዳል። ሁለተኛው የኦክቶበር መጨረሻ ነው። ያኔ ፋንታሲ ፌስት የሚባል ፌስቲቫል አለ፤ ሰው ልብስ ትቶ ቀለም ተቀብቶ የሚወጣበት። ለሌላ ጉዞ ይሆናል፣ መጽሐፍ ይዞ ለመጣ ሰው ግን አይመችም።

የእኔ ምርጫ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ሦስት ሌሊት ይበቃል።

2. ሊሰረዝ የሚችል ነገር ብቻ ያዙ

ይሄን አትዝለሉ። ርካሹ ዋጋ ብዙውን ጊዜ «ገንዘብ አይመለስም» ይላል። በሃሪኬን ወቅት እሱን መግዛት ቁማር ነው። ጥቂት ዶላር ጨምራችሁ እስከ መጨረሻው ቀን የሚሰረዘውን ያዙ። የጉዞ ኢንሹራንስ ከገዛችሁ ደግሞ ገና በጠዋቱ ይሁን። ኢንሹራንሶች ስም የወጣለትን አውሎ ነፋስ «አስቀድሞ የታወቀ» ብለው ከሽፋን ያስወጡታል። ዜናው ላይ ስሙን ከሰማችሁ በኋላ ብትሮጡ ዋጋ የለውም።

ከመሄዳችሁ አምስት ቀን ጀምሮ የብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከሉን ካርታ በየቀኑ አንድ ጊዜ እዩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ባለቤቴ በየሰዓቱ እያየ አንድ ሙሉ እራት አበላሽቶብኛል።

የደሴቶቹ አስተዳደር ውጡ ሲል መጀመሪያ የሚያስወጣው ጎብኚዎችን ነው፤ ነዋሪዎች ቀጥለው ነው። በመኪና የሚያስወጣው መንገድ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ «ውጡ» ከተባለ አትከራከሩ፣ የዚያኑ ዕለት ውጡ። ሲጨልምም ታንካችሁ ከግማሽ በታች አይሁን።

3. በመኪና ግቡ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ቁሙ

አውሮፕላን ኪ ዌስት ድረስ ይሄዳል። እኔ ግን ማያሚ ወርዳችሁ መኪና ተከራዩ እላለሁ። 160 ማይል ገደማ ነው፣ እየቆማችሁ አራት ሰዓት ቢወስድ ነው። ተርንፓይክ የሚባለው የክፍያ መንገድ ሂሳብ የሚቆረጠው በካሜራ ነውና አከራዩ ስንት እንደሚጨምርበት ቁልፉን ሳትቀበሉ ጠይቁ።

ደሴቶቹን የሚያያይዘው አውራ ጎዳና 113 ማይል ነው፣ 42 ድልድዮች አሉት። በመንገዱ ዳር ትንንሽ አረንጓዴ የማይል ምልክቶች ታያላችሁ። እዚያ አድራሻ የሚነገረው በእነሱ ነው፤ «82 ላይ ያለው ምግብ ቤት» ይሏችኋል። ቁጥሩ ወደ ኪ ዌስት ሲሄዱ እየቀነሰ፣ ዋይትሄድና ፍሌሚንግ መንገዶች ሲገናኙ ዜሮ ላይ ያልቃል።

የምትቆሙት አይላሞራዳ ላይ ነው፣ በ81 እና በ82 መካከል። ከድንጋይ የተሠራ ሐውልት አለ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1935 በዚህ ቦታ ያለፈው ሃሪኬን ከ400 በላይ ሰው ገድሏል። ብዙዎቹ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ። ሥራ አጥተው ሲንከራተቱ መንግሥት መንገድ ሥሩ ብሎ ወደዚህ ላካቸው። ሊያወጣቸው የተላከው ባቡር ዘግይቶ ደረሰ፤ እሱንም ማዕበሉ ከሐዲዱ ጣለው። ሄሚንግዌይ ከኪ ዌስት በጀልባ መጥቶ ሬሳውን በዓይኑ አይቷል። ወዲያው ዘማቾቹን ማን ገደላቸው ብሎ የሚጠይቅ ቁጡ ጽሑፍ አወጣ። ባቡሩ ከዚያ በኋላ ወደ ኪ ዌስት አልተመለሰም። ዛሬ የምትነዱበት ጎዳና በ1938 የተጠናቀቀው በዚያው በፈረሰው ሐዲድ መሥመር ላይ ነው።

ሐውልቱ ጋ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቀሪውን መንገድ ግን በሌላ ዓይን ነው የምታዩት።

4. መኪናውን አቁሙትና እርሱት

በአሮጌው ከተማ ፓርኪንግ ውድና ጠባብ ነው። ሆቴል ስትይዙ ማቆሚያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሁለት ሳይክል ተከራዩ። ደሴቷ ሜዳ ናት፤ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ሳይክል ካልቻላችሁም በእግር ይዳረሳል።

ክፍላችሁ ወደ መንገድ የሚያይ እንዳይሆን ለምኑ። ዶሮዎች በከተማዋ እንደ ልባቸው ይዞራሉ፣ ማንም አይነካቸውም። አውራ ዶሮው በሌሊት ይጀምራል። ገጠር ያደገ ሰው ግን ናፍቆቱን ይወጣል።

5. የመጀመሪያው ጠዋት፦ ዋይትሄድ 907

የሄሚንግዌይ ቤት በየቀኑ 3 ሰዓት ጠዋት ይከፈታል፣ በእነሱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከመከፈቱ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ በሩ ላይ ሁኑ። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪን ያልፋል፣ እርጥበቱም ያፍናል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የአስጎብኚው ክፍያ በትኬቱ ውስጥ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ተከተሉት። ሲጨርስ ግን አትውጡ፤ ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው።

ቤቱን በ1851 ያሠራው በመርከብ ስብርባሪ የከበረ ነጋዴ ነው። ግድግዳው ከዚያው ከመሬቱ ከተቆፈረ ድንጋይ ነው፤ ቦታውም ለደሴቷ ከፍ ያለ ነው። ሃሪኬን ኢርማ በሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ከኪ ዌስት ወደ 20 ማይል ርቀት ላይ ስትመታ ጥቂት ሠራተኞች ከቤቱ 54 ድመቶች ጋር እዚያው ቤት ውስጥ አድረዋል። አንድም አልሞተም።

ድመቶቹን መፈለግ አያስፈልግም፣ እነሱ ይመጣሉ። ግማሽ ያህሉ ባለ ስድስት ጣት ናቸው። መዳበስ ይቻላል፣ ማንሳት ግን ክልክል ነው።

አሁን ወደ ትዳሩ እንግባ። ቤቱን በ1931 የገዛላቸው የሁለተኛ ሚስቱ የፖሊን አጎት ነው፣ በ8,000 ዶላር። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ሄሚንግዌይ ስፔን ጦርነት ሲዘግብ፣ ፖሊን ቦክስ የሚጫወትበትን ሪንግ አስነስታ ቦታው ላይ መዋኛ ገንዳ አስቆፈረች። የፈጀው 20,000 ዶላር ነው። የቤቱን ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል! ሰውዬው ሲመለስ ሳንቲም ከኪሱ አውጥቶ «የቀረኝን እሱንም ውሰጂው» አለ ይባላል። ሳንቲሟ ሲሚንቶው ውስጥ አለች፣ ያሳዩዋችኋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። እሱ ስፔን የነበረው ሦስተኛ ሚስቱ ከምትሆነው ከማርታ ጌልሆርን ጋር ነበር። በ1939 መጨረሻ ጥሎ ወደ ኩባ ሄደ። ፖሊን እስከ ሞተችበት እስከ 1951 ድረስ ቤቱን ይዛ ኖረች። ገንዳው ዳር ስትቀመጡ ይሄንን አስቡ፤ ቤቱ ከእሱ ይበልጥ የእሷ ነው።

ከዚያ ከኋላ ወዳለው ፎቅ ውጡ፣ መጻፊያ ክፍሉ ነው። በር ላይ ሆናችሁ በፍርግርግ ነው የምታዩት። ትንሽ ክብ ጠረጴዛ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የአውሬ ራስ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ይጽፋል፣ ከሰዓት ዓሣ ያጠምዳል። ከምሥራቅ አፍሪካ አደኑ ተመልሶ ስለ ኪሊማንጃሮ የጻፈው በዚህ ቤት በኖረባቸው ዓመታት ነው።

ለእኛ ግን ሌላም ነገር አለው። በዚያው ዘመን፣ ኢጣሊያ በወረረችን ሰሞን፣ ጃንዋሪ 1936 በወጣው ኤስኳየር መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ጽፏል። ሙሶሊኒን ገና በ1920ዎቹ አግኝቶ ንቆታል። በዚህ ጽሑፍ ደግሞ አሞራና አባ ኮዳ የቆሰለን ወታደር ሳይሞት እንዴት እንደሚጀምሩት ያወራል። የሙሶሊኒ ልጆች የሚተኩስባቸው ጠላት በሌለበት ሰማይ ሲበሩ፣ የድሃው ጣሊያናዊ ልጅ በእግሩ ይዘምታል ይላል። አስጎብኚው ይሄን አላነሳም። እኛ ግን በሩ ላይ ቆመን ከስልክ አነበብነው።

ስትወጡ አጥሩን እዩ። በ1934 ከተማዋ ከስራለች፤ የፌዴራል መንግሥት ገብቶ ቱሪስት መሳቢያ ሊያደርጋት ወሰነ። 48 የሚታዩ ነገሮች ያሉበት ዝርዝር ወጣ፤ የሄሚንግዌይ ቤት 18ኛ ላይ ተጻፈ። ሰው በር ላይ ይሰበሰብ ጀመር። እሱም ከመንገድ ንጣፍ በተነሳ ጡብ አጥር አስገነባ። ዛሬ ትኬት የሚቆረጠው በዚሁ አጥር በር ላይ ነው።

6. ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ሁኑ

ከ6 እስከ 10 ሰዓት ደጅ መዞር አይመከርም። ፀሐይ ካልሆነ መብረቅና ዝናብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርድና በአንድ ሰዓት ያበቃል።

በዚህ ሰዓት ትሩማን መንገድ 513 ወዳለው የቴነሲ ዊሊያምስ ሙዚየም ግቡ። ትንሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይጨናነቅም። ፎቶዎች፣ የጽሕፈት መኪናና የቤቱ ሞዴል አለው። ዊሊያምስ መጀመሪያ የመጣው በ1941 ነው። በኋላ ዱንካን መንገድ ላይ ቤት ገዝቶ እስከ ሞተበት እስከ 1983 ድረስ ይዞት ነበር። ሄሚንግዌይ አሥር ዓመት ገደማ ቢኖርባት ነው፤ ዊሊያምስ ከሠላሳ በላይ። ቲሸርት ላይ ግን ያለው ሄሚንግዌይ ነው።

7. አመሻሽ ላይ፣ በሳይክል

10 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ውጡ። የዚህ ዙር ቤቶች በአብዛኛው የግል መኖሪያ ስለሆኑ ደጅ ቆማችሁ አይታችሁ ታልፋላችሁ። ደወል አትደውሉ፣ በአጥር አትዩ።

ከሙዚየሙ ወደ ምሥራቅ፣ ዱንካን 1431። የዊሊያምስ ነጭ ቤት ነው፤ በጣም ተራ ስለሆነ ልታልፉት ትችላላችሁ። ከዚያ ወደ ዋይት መንገድ 624። ገጣሚዋ ኤሊዛቤት ቢሾፕ በ1938 የገዛችው የእንጨት ቤት ነው። በ2019 የኪ ዌስት የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ አዘጋጆች ገዝተው አድሰውታል። ለጎብኚ የሚከፈትበት ቀን ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ቢሾፕና ፖሊን በኋላ ወዳጆች ሆነዋል፤ ቢሾፕ በዚያው ባለ ገንዳው ቤት እንግዳ ሆና ከርማለች። ጠዋት ያያችሁት ቤት እንደገና ይመጣል።

መጨረሻ ወደ ደቡብ፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው ካሳ ማሪና ሆቴል። ዋላስ ስቲቨንስ በፈረንጆች ክረምት የሚያርፈው እዚህ ነበር። ቀን የኢንሹራንስ ኩባንያ ኃላፊ፣ በትርፍ ጊዜው ከዘመኑ ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ። በ1936 ጠጥቶ ስለ ሄሚንግዌይ ክፉ ተናገረ፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ተደባደቡ። ሄሚንግዌይ በደብዳቤው እንደጻፈው ስቲቨንስ አንድ ጊዜ መንጋጋውን አገኘውና የራሱን እጅ ሰበረ። ስቲቨንስ በሃያ ዓመት ይበልጠው ነበር። የሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር አዝዛችሁ ይሄን ለትዳር አጋራችሁ አውሩት።

8. ቡና ቤቱን አትሳሳቱ

ዱቫል መንገድ ላይ ያለው ስሎፒ ጆስ የሄሚንግዌይን ፎቶ በየግድግዳው ሰቅሏል። እዚያም ጠጥቷል። ግን ቡና ቤቱ ወደዚያ የተዛወረው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ግሪን መንገድ 428 ላይ፣ ዛሬ ካፕቴን ቶኒስ በሚባለው ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። ማርታን በ1936 መጨረሻ ያገኛት እዚያ ነው። እዚያ ግቡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ውስጡ ዛፍ በቅሎበታል፣ በዚህ ወቅት ወንበር አይጠፋም።

9. ሱቆቹን ለሁለተኛው ቀን አስቀሩ

ዱቫል ላይ ያለው በአብዛኛው ቲሸርት ነው። አንድ ጊዜ እለፉበትና ወደ ጎን መንገዶች ታጠፉ።

ከመነሳታችሁ በፊት መሄድ የምትፈልጉባቸው ሱቆች መክፈታቸውን ደውላችሁ አረጋግጡ። በሴፕቴምበር ብዙ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ቀለም ለመቀባትም ለማረፍም ለአንድ ሁለት ሳምንት ይዘጋሉ። የተከፈቱት ግን ጊዜ አላቸው። ባለሱቁ ያዋራችኋል፣ ወንበር ይስባል፣ ማን የት እንደኖረ ይነግራችኋል። በፌብሩዋሪ ይሄ አይታሰብም።

መጀመሪያ ኢተን መንገድ 533፣ ቡክስ ኤንድ ቡክስ። በ2016 ደራሲዋ ጁዲ ብሉምና ባለቤቷ ናቸው የከፈቱት፤ ለትርፍ የማይሠራ ነው። የደሴቷ ደራሲያን የራሳቸው መደርደሪያ አላቸው። እኛ አንድ ደንብ አለን፦ እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ ለሌላው እንመርጣለን፣ እስከ ማታ አናሳይም።

ከዚያ ፊትዝፓትሪክ መንገድ፣ ኪኖ ሰንደል። ከኩባ የመጡ ባልና ሚስት በ1966 የጀመሩት የጫማ ሱቅ ነው። የቆዳ ሰንደሉን እዚያው ሲሠሩት ታያላችሁ፤ ዋጋውም አያስደነግጥም። እግራችሁ ላይ ሞክሩት፣ ቆዳው ትንሽ ይለቃልና ጠበቅ ያለውን ውሰዱ።

ቡና የኩባ ነው፣ በመስኮት የሚሸጥ። «ቡቺ» በሏቸው፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ በስኳር የታጨቀ። ከእኛ በረካ ይልቅ ለአቦሉ ይቀርባል፣ ስኳሩን ይቅር ብላችሁ ካለፋችሁት።

የማትገዙትም አለ። «የኩባ ሲጋር» የሚል ካያችሁ አሜሪካ በኩባ ላይ የጣለችው ማዕቀብ እንዳለ አስታውሱ፤ በሕጋዊ ሱቅ ያለው ኩባ ውስጥ የተመረተ አይደለም። ትልቁ ሮዝ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊትም በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ነፍስ ያለውን ቀንድ አውጣ ከባሕር ማውጣት ክልክል ነው። ዋጋ ስታሰሉ ደግሞ መለያው ላይ የሌለ 7.5 በመቶ ታክስ ጨምሩ።

10. የመጨረሻው ጠዋት

በጠዋት ተነሱ፣ ሳይክሉን መልሱ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ኤልሳቤጥ መንገድ ጫፍ፣ ወደቡ አጠገብ፣ የኪ ላይም ፓይ ሱቅ አለ። የደሴቶቹ ትንሽዬ ሎሚ፣ የእንቁላል አስኳልና የታሸገ ጣፋጭ ወተት ነው። እውነተኛው ቢጫ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ገብቶበታል። ላዩ ክሬም ይሁን የተመታ የእንቁላል ነጭ በሚለው የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማም። እኔ ክሬም፣ ባለቤቴ እንቁላል።

በረዶ ሆኖ የጠነከረውን ግዙና ከኋላ ወንበር አስቀምጡት። መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይሟሟል። ማያሚ ስትደርሱ ልክ ይሆናል ይላሉ። የእኛ ግን 50ኛው ማይል ላይ ያለችው ማራቶን ከተማ ሳንደርስ አለቀ።